የእትዬ ሸዋአለም መጋረጃ

እትዬ ሸዋአለም መስጠት ትወዳለች ይላሉ። ወሬ ነው፤ እሷ የምትወደው መጣል ነው። እዚህ በስደት ባለንበት ዐረብ አገር፣ የሀብታም ሰፈር ዐማራት ያለው ቪላዋ በዕቃ ሲጨናነቅባት ማዳበሪያ ሙሉ ግሳንግስ በባለሦስት እግሯ ታክሲ፣ በረክሻ፣ ጭና አል-ሳሃፋ ሰፈር ወዳለው ልብስ ስፌት ቤቴ ትልካለች፤ ጠጋግነህ ለተቸገረ አድልልኝ ብላ። እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ የግራ እግር ብቻ ጫማ፣ ደግሞ ሳታፍር ያረጀ የጡት መያዣ። ይህን ልካ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ምስጋና ትለቅማለች።

አንድ ቀን ታዲያ ከዚያ ሁሉ ጉድ መሀል ነጭ መጋረጃ ወጣ። ዳር ዳሩን ፀሐይ ጨርሶታል፣ መሀሉ ግን ደህና ነው። ወዲያው እፀገነት ትዝ አለችኝ። አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ናት፤ ባሏ ሊቢያ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። ሴት ልጇ ሰማንያ ቀን ሊሞላትና ክርስትና ልትነሣ ነበር። እናትየው የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ በዚያች ቀን እንኳ ምጽዋት የለበሰች እንዳትመስል።

ቆረጥኩት፣ አንገቱን ሸበሸብኩት፣ ጠርዙ ላይ ጥልፍ ጣልኩበት። ማን ይሙት፣ ከሱቅ የወጣ ቀሚስ ነው የሚመስለው። እፀገነት ስታየው እንባዋ መጣ፤ ሹክረን ጋሼ ብላ በዐረብኛ አመስግናኝ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሴቶቹ ሕፃኗን ከበው ሲያደንቁ እትዬ ሸዋአለም ደረሰች። የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ይኼማ የሳሎኔ መጋረጃ ነው። እኔ ባልኖር ምን ትለብስ ነበር?» አለች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ፎቶ ልታነሣ ስልኳን አወጣች።

ሴቶቹ አቀረቀሩ። እፀገነት አልተቆጣችም። ቁልፎቹን ፈታች፣ ቀሚሱን አወለቀች፣ አጥፋም የሴትዮዋ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው መጋረጃዎ፣ እትዬ። ልጄ ስትጠመቅ ልብስ አያስፈልጋትም።»

ልጇን በገዛ ነጠላዋ ጠቀለለችና ራሷን ሳትሸፍን ወደ መጠመቂያው አመራች። ከሴቶቹ አንዷ ሮጣ የራሷን ነጠላ አጋራቻት።

በሳምንቱ ሌላ ማዳበሪያ መጣ። ከላይ ያ ቀሚስ ተቀምጧል፤ ለተቸገረ አድልልኝ ተብሎ። ጭነቱን ሊያወርድ የተነሣውን ባለረክሻ ኦመርን ያዝኩት።

«ያላ፣ በል ቶሎ፣ መልሰህ በሯ ላይ አራግፍላት» አልኩት።