የሽሮፕ እንቅልፍ

ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። በነዚህ ስምንት ዓመታት እንደ አንድ ጥያቄ ደሟን የሚያፈላው ነገር አልነበረም። አንዷ እናት ልጇን አቅፋ ትመጣና አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ ረጅም መንገድ አለብኝ፤ ትንሽ የሚያስተኛው ነገር አይኖርሽም?» ትላታለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ፋርማሲስቷን ማን ይችላታል። «እህቴ፣ ልጅ እኮ ታሽጎ የሚላክ ዕቃ አይደለም» ብላ ትጀምርና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ታወርድባታለች። የአለርጂ ሽሮፕ ለአለርጂ እንጂ ለጉዞ እንዳልተሠራ፣ የሕፃን ትንፋሽ በቀላሉ እንደሚደክም፣ አንዱ አልያዘውም ብሎ መድገም ደግሞ ከሁሉ የከፋ እንደሆነ ትነግራታለች። ሴትዮዋ ፊቷ በርበሬ መስሎ ትወጣለች። ፋርማሲስቷም ዛሬስ አንድ ልጅ አዳንኩ ብላ ደረቷን ነፍታ ትውላለች።

አባቷ አርባ ዓመት የሕፃናት ክፍል ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከእሷ ቤት እስከ እሳቸው ቤት በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ያስኬዳል። ዛሬ ነገ ሲባል የሁለት ዓመቱን የልጅ ልጃቸውን፣ ድንቡሼን፣ በዓይናቸው ሳያዩት ቀርተዋል። በስልክ ግን የልብ ወዳጆች ናቸው። የሽማግሌው ስልክ ምስል የማታሳይ የቁልፍ ስልክ ናት። ከእራት በፊት ይደውሉና በዚያ ሻካራ ድምፃቸው እንደ አህያ ያናፋሉ፤ ድንቡሼ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ይስቃል። «አባባ፣ ድገም» ይላል፤ ይደግሙለታል። ለድንቡሼ አባባ ማለት ድምፅ ነው። ፊትም እጅም የለውም፤ ሲደወል የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር ሐኪሞች ማንቁርታቸው ላይ ክፉ ዕጢ አገኙ። ማንቁርቱ ካልወጣ አይድኑም፤ ከወጣ ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ ድምፅ የሚባል ነገር የላቸውም። ሽማግሌው አላለቀሱም፣ አላማረሩም። ለልጃቸው ደውለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ልጁን አምጪልኝ። ይሄ ድምፅ ከዚህ አፍ እንደሚወጣ አንዴ ይይ። አንዴ ካየኝ በኋላ ዝም ብልም ያውቀኛል። ካላየኝ ግን ለእሱ አባባ ሞቶ አንድ የማያውቀው ዲዳ ሽማግሌ መጣበት ማለት ነው።»

ኦፕራሲዮኑ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ረቡዕ ልትሄድ አስባ የፋርማሲው ባለቤት ተተኪ የለኝም ብሎ አንድ ቀን አስቀራት። ሐሙስ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነሳው አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ይገባል። «አንድ ሰዓት ይበቃኛል» አሏት አባቷ። ባሏ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል፤ ስለዚህ ብቻዋን ድንቡሼን አቅፋ፣ ሁለት ቦርሳ አንጠልጥላ ተሳፈረች። ባለፈው ሰሞን የልጁ ቆዳ ሽፍ ብሎ ስለነበር የአለርጂው ሽሮፕ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረ።

እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ መንገዱ ደግ ነበር። ድንቡሼ በመስኮት መኪና ባየ ቁጥር «ቢ! ቢ!» እያለ ሰውን ሲያስቅ ቆየ። ከዚያ ተነሳበት። ታፋዋ ላይ አልቀመጥም አለ። ልቁም አለ፣ ቆመ። ልውረድ አለ፣ አወረደችው። ወርዶ ደግሞ ልውጣ አለ። ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰውዬ ፀጉር ጨምድዶ ያዘ። ብስኩት ስትሰጠው አድቅቆ በተነው፤ ሙዝ ስትሰጠው በላና ቀሚሷ ላይ አስታወከው። ከዚያ ለቅሶውን ለቀቀው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ ፋታ።

መጀመሪያ ሰው አዘነላት። አንዷ መጥረጊያ ወረቀት ሰጠቻት፣ አንዱ የቁልፍ መያዣ አንቀጫቀጨለት። ሐዘኔታ ግን ቶሎ ያልቃል። ፀጉሩ የተያዘው ሰውዬ ለማንም እንዳልተናገረ ሆኖ፣ «ማባበል የማትችሉትን ለምን ትወልዱታላችሁ?» አለ። ከኋላ «አሁን ይቺ እናት ናት?» የሚል ሹክሹክታ መጣ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት፣ «እመቤት፣ እንዲህ እየተጮኸብኝ መንዳት አልችልም። ካልሆነ ምሳ የምንበላበት ቦታ ውረጂና ሌላ መኪና ጠብቂ» አላት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሹፌሩ አያወርዳትም ነበር፤ እሷም ይህንን አላጣችውም። የጨነቃት ያ ሁሉ ዓይን ነው። ስምንት ዓመት በመስኮት ሆና ሌላውን ስትገስጽ የኖረች ሴት፣ ዛሬ እሷ ስትገሰጽ መቀመጫው ውስጥ ገብታ መጥፋት አማራት።

አምስት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። መቆለፏን ልብ በሉ፤ ያላፈረ ሰው በር አይቆልፍም። ሽሮፑን በማንኪያ ለካች፣ ልጁን አፉን አስከፈተችው። ጣፋጭ ነውና ደስ ብሎት ላሰው። ሲመለሱ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደገና አለቀሰ። ሰውዬው ዞሮ አያት። ያን ጊዜ በሻርፗ ከልላ፣ እዚያው መቀመጫዋ ላይ፣ ሁለተኛ ማንኪያ ደገመችው። ለሌላው የምትናገረውን ሁሉ በዚያች ደቂቃ ጭንቅላቷ ውስጥ ትሰማው ነበር፤ እየሰማች ሰጠችው።

ድንቡሼ ጸጥ አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀለል አለው። ከኋላ የነበረችው ሴት፣ «ጎሽ የኔ እናት፤ ደክሞት ነው እኮ የተነጫነጨው» አለቻት። ሰውዬው እንኳ ጃኬቱን አውልቆ ለልጁ ትራስ አድርጊለት አለ። አመሰገነችው፤ ምስጋናው አፏ ውስጥ መረራት።

ሆስፒታል ሲደርሱ አባቷ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በር በር ያያሉ። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ነርሷ የኦፕራሲዮን ልብስ ይልበሱ ብትላቸው፣ ልጁ በሸሚዝ ይየኝ ብለው አሻፈረኝ ብለዋል። ባላቸውን ሲያስታምሙ የሰነበቱት እናቷ ድንቡሼን ከእቅፏ ተቀብለው ግንባሩን ሳሙት። «ተኝቷል የኔ ጌታ» አሉ።

«ይቀስቀስ» አሉ አባቷ።

እናቷ ጉንጩን ነካ ነካ አደረጉት፤ ጫማውን አውልቀው የእግሩን መዳፍ ኮረኮሩት፤ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አደረጉ። ምንም የለም። ሽማግሌው ሳቁና ጎንበስ ብለው እንደ አህያ አናፉለት። አጠገባቸው ያለው በሽተኛ በሳቅ ፈነዳ፤ እናቷም አብረው ሳቁ። ደገሙ። ሦስተኛ ጊዜ ጆሮው ሥር አናፉ፤ የልጁ ሽፋሽፍት እንኳ አልተነቃነቀም። ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ትል ነበር።

ሽማግሌው ሳቃቸውን አቆሙ። የልጁን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ፤ ክንዱን አንስተው ለቀቁት፤ ወደቀ። ቀና ሳይሉ ለሚስታቸው «እስቲ ሻይ ግዢላት፤ መንገደኛ ናት» አሉ። እናቷ ወጡ።

«ምን ሰጠሽው?»

«አባዬ...»

«ምን ሰጠሽው አልኩሽ።»

«የአለርጂ ሽሮፕ።»

«ስንት?»

«ሁለት ማንኪያ። በአንድ ሰዓት ልዩነት።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈተው አንሶላው ላይ አስቀመጡ፣ መዳፋቸውን ልጁ ደረት ላይ አሳረፉና ትንፋሹን በዚያ ሻካራ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደቂቃው ሲሞላ አረፍ ብለው እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ለተረት፣ ለጨዋታ፣ ለማናፋት ያስቀመጡት ድምፅ ነበር፤ ያቺን የቀረቻቸውን ሰዓት እሷ ያበላሸችውን ሲቆጥሩ ፈጇት። እናቷ ሻይ ይዘው ተመልሰው «ምነው?» ሲሉ፣ «ምንም፤ መንገዱ አድክሞት ነው፤ ተዉት ይተኛ» አሏቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተንቀሳቃሽ አልጋው መጣ። ሽማግሌው ለነርሷ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገሯት። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ሐኪም እስኪያየው በየአምስት ደቂቃው ቁጠሪ» አሏት በሹክሹክታ። ለድንቡሼ አንድም ቃል ሳይነግሩት ገቡ፤ እናቷም ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ሊጠብቁ ተከትለው ሄዱ።

ወዲያው ወጣት ሐኪም መጣና ድንቡሼን ወደ ሕፃናት ክፍል ወስዶ መረመረው። ለክፉ እንደማይሰጠው፣ እስኪነቃ ግን ከአጠገቡ እንዳትርቅ ነገራት። «የአለርጂ መድኃኒት እንደማስተኛ መስጠት አደገኛ ነው፤ ማንም አልነገረሽም?» አላት።

«አልሰማሁም» አለች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የቤት እመቤት ነኝ።»

ይህንን ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። በዕድሜዋ እንደዚያች ደቂቃ አፍራ አታውቅም። ድንቡሼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራበኝ ብሎ እያለቀሰ ነቃ።

ሽማግሌው ኦፕራሲዮኑን በደህና ተወጡት። በሦስተኛው ቀን ትራስ ተደግፈው ሲቀመጡ ልጁን አመጣችው። አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መሐሉ ላይ ቱቦ ገብቶ በትንፋሻቸው ቁጥር ይፏጫል። ድንቡሼ አንዴ አያቸውና ፊቱን እናቱ ደረት ውስጥ ቀበረ።

«አባባ ናቸው እኮ፤ ያንተ አባባ» አለችው።

«አይደለም» አለ። «አባባ የታል?»

ሽማግሌው ከልማድ አፋቸውን ከፈቱ። ከቱቦው አየር ብቻ ወጣ። ልጁ በድንጋጤ ጮኸ።

እናቷ ከአልጋው ማዶ ካለው ወንበር ሆነው፣ «ይለምዳል፤ ልጅ አይደል እንዴ» አሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ነርሷ የሰጠቻቸውን ደብተር አንስተው ለረጅም ጊዜ ጻፉ፤ ጽፈው ለልጃቸው ዘረጉላት።

«ለእናትሽ አልነገርሻትም። እኔ በመጨረሻ ድምፄ ላንቺ ብዬ ዋሸኋት፤ እሱ ይቆጨኛል። ንገሪያት።»

«ምን አለ? አንብቢልኝ፤ እኔ ያለ መነጽር አይታየኝም» አሉ እናቷ።

ልጃቸው ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ቀስ ብሎ ይለምደኛል፣ አታስጨንቁት ይላሉ» አለች።

እናቷ «እኔስ ምን አልኩ» ብለው የባላቸውን እግር ዳበስ አደረጉ። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩዋት። «እንዲህ አልጻፍኩም» የሚሉበት ድምፅ የላቸውም። ደብተሩን ከእጇ ወሰዱ፤ አንድም ቃል ሳይጨምሩ እርሳሱን መጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፈው መልሰው ዘረጉላት።

«ደግሞ ምን አለ?» አሉ እናቷ።

አነበበችው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘል አነበበችው። እናቷ «ምኑን ነው የምትነግሪኝ?» ሲሉ ደግሞ የቀረውን ራሷ ተናገረች፤ የተቆለፈውን በር፣ ሁለቱን ማንኪያ፣ ለሐኪሙ ያለችውን ሁሉ። ስትናገር ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ሦስት ጊዜ አናፋለት እኮ» አሉ እናቷ። «እኔ ቆሜ እስቅ ነበር።»

ተነሱና አልጋውን ዞረው መጡ። ድንቡሼን ከእቅፏ ወስደው ተመልሰው በባላቸው እግር ሥር ተቀመጡ። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ አለቀሰ። እጇን ዘረጋችለት፤ እናቷ ግን አልሰጧትም።