ቴሌሲያ ቀና ስትል

እማማ ሱሉ ዘጠኝ ልጆቻቸውን የወለዱት ምንጣፍ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሳቫይኢ ደሴት ላይ ማግኘት ይከብዳል፤ እሳቸው ሳያነሱት የዋሉበት ቀን የለምና። የልጃቸው ሚስት ቴሌሲያ ምጡ አልገፋ ብሏት፣ የሕፃኑም የልብ ምት ደክሞ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ፣ እማማ ሱሉ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ፍርድ ሰጡ። ሆዱ የተቀደደ ሰው ሳምንት ሙሉ ከአልጋው ንቅንቅ ማለት የለበትም አሉ። ማን ጠየቀዎት የሚላቸው ሰው አልተገኘም።

ቴሌሲያም ብትሆን ስለ ነገሩ ያን ያህል አታውቅም ነበር። ጀርባዋን በመርፌ ወግተው ከወገቧ በታች አደነዘዟት፣ ደረቷ ላይ መጋረጃ ሰቀሉ። ሲቀዷት አላመማትም፤ ግን ቁልፍ የጠፋበት ሰው ቦርሳውን እንደሚጎረጉር ሆዷን ሲጎረጉሩትና ሲጎትቱት ይሰማት ነበር። ከዚያ አጭር ለቅሶ ሰማች። ልጁን አንድ ጊዜ ከመጋረጃው በላይ አሳዩዋትና ይዘውት ሮጡ። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል ተባለች። ሌላ ሴት ልጇን ታቅፋ በምትተኛበት ሰዓት እሷ ብርድ ብርድ ብሏት፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ባዶ እጇን ተኛች። አለቀሰችም።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ኢዮአና መጥታ የሽንት ቱቦውን ነቀለችላት። ሲስተር ክንዷ እንደ መርከበኛ የፈረጠመ፣ ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሴት ናት።

«አየር ወጣልሽ?»

«የምን አየር?»

«የምን አየር ትላለች እንዴ። ከታች ነዋ።»

ቴሌሲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከበሩ ውጭ ግማሹ የባሏ ዘመድ ተቀምጦ ጆሮውን አቁሟል።

«ትንሽ» አለች በሹክሹክታ።

«ወጥቷል» ብላ ሲስተር ለኮሪደሩ አስታወቀች። «አንጀቷ ሥራ ጀምሯል። የፓፓያውን ሾርባ አምጡላት።»

ከውጭ እፎይታ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ። ቴሌሲያ ሳቋ አመለጣትና ስፌቱ ቀጥ አድርጎ ያዛት፤ እንባዋ መጣ። ሲስተር ትራስ አንስታ ሆዷ ላይ አስደገፈቻት። «ስትስቂም፣ ስታስይም፣ ስታስነጥሺም እንዲህ ጫን አድርገሽ ያዢው። አይፈታም፣ አትፍሪ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።»

ቁም ነገሩ ይሄ ነበር። ልጁ ትንፋሹ ረገብ ብሏል፤ ነገር ግን በኩባያ የሚሰጡትን ወተት እየተፋ አስቸግሯል። ሐኪሙ ዛሬም ካልጠባ ከሰዓት በሚነሳው መርከብ ባሕር ተሻግሮ አፒያ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ይሂድ ብሏል። እሷ ደግሞ በትናንት ቁስል ባሕር አትሻገርም። ባሏ ማናሴ የሕፃኑን ልብስ በከረጢት ይዞ ቦታ ሊያስይዝ ወደብ ወርዷል።

«አምጪልኝና ላጥባው» አለች ቴሌሲያ።

«የኦክስጅኑ ቱቦ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው። እሱ አይመጣም፣ አንቺ ትሄጃለሽ።»

«በዊልቸር?»

«ዊልቸሩ ባለፈው ከበሽተኛ ጋር ተሳፍሮ አፒያ ገባ። ወዶት ነው መሰለኝ አልተመለሰም። ደግሞ መራመዱ ላንቺም ደግ ነው፣ ደምሽ እግርሽ ላይ አይረጋም።»

ቴሌሲያ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እንደታዘዘችው በጎኗ ተንከባለለች፣ እግሮቿን ወደ መሬት ለቀቀች፣ በሆዷ ሳይሆን በክንዷ ገፍታ ተነሳች። ገና ከመቆሟ ትኩስ ደም በጭኗ ወረደ፣ ጣሪያው ዞረባት። መልሳ ዝርግት አለች።

«ደሙ ያለ ነው። በየትም ይውለዱት ማህፀን ይደማል» አለች ሲስተር።

እማማ ሱሉ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው የኮኮናት ዘይት የያዘች ወጌሻ ቆማለች፤ የቴሌሲያን ሆድ ለማሸት ከጠዋት ጀምሮ ስትጠባበቅ ሲስተር ሁለቴ አባራታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ልትዘረገፊ ነው ወይ?» አሉ እማማ ሱሉ። «ተኚ እንጂ። ልጁ አፒያ ሄዶ ይታከማል፣ ይመለሳል።»

«እማማ፣ ይቆጡኝ፤ ግን እሄዳለሁ።»

በዚያ ቤት እማማ ሱሉን እሄዳለሁ ብሎ የሄደ ምራት የለም።  ቴሌሲያ ውሃ ጠጣች፣ እስኪረጋጋላት ጠበቀች፣ እንደገና ተንከባለለች። በዚህኛው ቆመች። ቆመች ይባል እንጂ እንደ መንጠቆ ታጥፋ ነው።

«ቀና በይ» አለች ሲስተር። «መታጠፉ የሚሻልሽ ይመስልሻል፤ ግን ቁስሉን ታስጨንቂዋለሽ። ቀና ብለሽ፣ ትራስሽን ይዘሽ፣ ቀስ።»

እስከ በሩ ደህና ሄደች። ከበሩ ወዲያ ኮሪደሩ ነበር፤ ግራና ቀኝ በምንጣፍ ተሸፍኖ፣ አጎቶችና አክስቶች፣ የቤተዘመዱ ትልቅ አለቃ ሳይቀሩ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ልጁ ያለበት ክፍል መጨረሻው ላይ ነው። ቴሌሲያ መራመድ ከጀመረችበት ዕድሜ አንስቶ በተቀመጠ ትልቅ ሰው ፊት ቀጥ ብላ አልፋ አታውቅም። ጎንበስ ይባላል፣ «ቱሎው»፣ ይቅርታ ልለፍ፣ ይባላል፣ ከዚያ ይታለፋል። ወገቧ እሷን ሳያማክር ጎንበስ አለ።

«ቱሎው» አለች፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ተቆረጠ። ስፌቱ እንደ ጋለ ሽቦ ተሰማት። ልትወድቅ ስትል ሲስተር በብብቷ ገብታ ደገፈቻት።

«ቀና በይ አልኩሽ።»

«እንዴት አድርጌ? አታያቸውም?»

«አያቸዋለሁ። የኔም አጎት አሉበት። ቀና በይ።»

ቴሌሲያ ሽማግሌዎቹን አየች፣ በመስኮት የሚያብረቀርቀውን ባሕር አየች። አፈረች፤ ከሕመሙ እፍረቱ ባሰባት። ባለጌ ይበሉኝ፣ ልጄን ግን አይወስዱትም አለች በልቧ። ትራሱን ሆዷ ላይ ጫነች፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ መለሰች፣ ከትልቁ አለቃ ራስ በላይ ቀጥ ብላ እርምጃ ጀመረች። በየእርምጃው ግን «ቱሎው» ትላለች፤ እሱን አላስቀረችም።

«ምን ዓይነት ጊዜ ነው» ብለው አንድ አክስት ከንፈራቸውን መጠጡ።

ያን ጊዜ እማማ ሱሉ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ኮሪደሩ መሃል ወጡ። ፊታቸው የተቆጣ ነበር።

«ምን ጎለታችሁ?» አሉ። «ተነሱ። እኛ ከቆምን ከማን በላይ ትሆናለች?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እማማ ሱሉ ወደ ትልቁ አለቃ ዞረው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «ወንድሜ፣ ጉልበትህን ካመመህ እኔ ላንሳህ» አሉ።

 አለቃው አንድ እጃቸውን መሬት ላይ ደግፈው፣ እያቃሰቱ፣ ተነሱ። እሳቸው ተነስተው ማን ይቀመጣል? ምንጣፉ ሁሉ ተንኮሻኮሸ፤ የጎደሬው ቅርጫት ተገለበጠ፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ቴሌሲያ በመሃላቸው አለፈች። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ ግን አላረፈችም።

ልጁ ከማሞቂያው መብራት ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። ስፌቱን እንዳይነካ ሲስተር በጎን በኩል፣ እግሩን በክንዷ ሥር አሳልፋ አስታቀፈቻት። ቴሌሲያ ጡቷን ጨመቅ ስታደርግ ቢጫ እንገር ጠብ አለ። ከንፈሩን ነካችው። አፉን ከፈተ፣ ሳተው፣ ተነጫነጨ፤ ደግሞ ከፈተና ያዘ። በጠባ ቁጥር ማህፀኗ እንደ አዲስ ምጥ ጭምድድ ያደርጋታል። ከንፈሯን ነከሰች፤ ከጡቷ ግን አላነሳችውም።

«አመመሽ?» አለች ሲስተር።

«በጣም» አለች ቴሌሲያ። «ሲውጥ ይሰማሻል?»

ሲስተር ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ከዚያ ለሐኪሙ ልትነግር፣ ማናሴም ከወደብ እንዲመለስ ሰው ልትልክ ወጣች፤ በሩን ክፍቱን ተወችው። ከኮሪደሩ ምንጣፍ የሚያስተካክሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የእማማ ሱሉ ድምፅ ተሰማ።

«ማን ተቀመጡ አላችሁ? ገና ትመለሳለች።»