አለፈ?

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ሬሳ አያስደነግጣትም፤ አስፈሪ ፊልም ግን የምታየው በጆሮዋ ነው። ጭራቅ ሊመጣ ሲል ፊቷን በሻርፗ ትሸፍንና «አለፈ?» ትለኛለች፤ እኔ በሹክሹክታ እነግራታለሁ። ዓለም ጠፍታ ጥቂት ሰዎች ብቻ የተረፉበትን ፊልም፣ የመጀመሪያውን ክፍል ያየነው እንዲህ ነው። ሁለተኛውንም አብረን ልናይ ተማምለን ነበር።

እሷ ግን ከሆስፒታል ተረኝነት መላቀቅ አቃታት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? እኔ ጅቡ ብቻዬን ሄጄ አየሁት፤ ትንፍሽም አላልኩ።

በሳምንቱ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሁለት ትኬት ይዛ መጣች። «እንኳንም ጠበቅከኝ!» አለችኝ።

ፊልሙ ላይ ከተረፉት ሰዎች አንዷ ሴት ወደ አንድ የፈረሰ ትምህርት ቤት ስትጠጋ እህቴ ተሸፈነች።

«አለፈ?»

«ገና ነው። አሁን በሩን ስትከፍተው ሦስት ሆነው ይወጣሉ።»

በሩ ገና አልተከፈተም ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እህቴ ሻርፗን ቀስ ብላ አወረደች። ጭራቆቹ ሦስት ሆነው ሲወጡ እሷ የምታየው እኔን ነበር። ከዚያ ወደ ፊልሙ ዞረች፤ እስኪያልቅ ድረስ እየተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗን ገልጣ አየችው። «አለፈ?» ብላ ግን አንዴም አልጠየቀችኝም።