አስር እስኪቆጠር

ስልሳ ዙር በሚፈጀው የላዳ ውድድር፣ በሃያ ሁለተኛው ዙር፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ አስፋልቱ ተከፈተና ታላቅ ወንድሜን ከነመኪናው ዋጠው። ጉድጓዱን ለካሁት። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው።

የለካሁት ሥራዬ ስለሆነ ነው። ደምሰው እባላለሁ፤ የሜዳው አስፋልት ጠጋኝ ነኝ። ሜዳው አዋሽ በረሃ ዳር ያለ የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ ከታክሲነት የተሰናበቱ ላዳዎች ይወዳደሩበታል። በበረሃው ፀሐይ አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ ጎማ ይልጠዋል፣ ይቦረቦራል። ውድድሩ ይቆማል፣ እኔ እደፍናለሁ፣ ውድድሩ ይቀጥላል። ሰው ጎድሎብን ግን አያውቅም ነበር።

ዋናው ዳኛ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ቀይ ባንዲራ አስነሥተው፣ ሜትራቸውን ይዘው መጡ።

“መኪናው የታለ?”

“ውስጥ ነው።”

“እዚህ ውስጥ መኪና አይገባም።”

“አዎ፣ አይገባም።”

ተንበርክከው እጃቸውን ሰደዱ። የነኩት ጠጠር ነው። “ሃያ ስድስት ሴንቲ ሜትር” ብለው ጻፉና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ከጠጠሩ ሥር የሞተር ድምፅ መጣ፣ ከእግራችን በታች አለፈ፣ ራቀ። ሁላችንም ጫማችንን አየን።

“የእሱ ነው” አለች የወንድሜ ሚስት እትዬ አቻምየለሽ። ከተመልካች ወንበር ሮጣ ነው የመጣችው፤ ነጠላዋ አጥሩ ላይ ቀርቷል። “የጭስ ማውጫው ማርሚታ የተቀደደው በፋሲካ ነው። አሠራው ስለው እንቢ አለ።”

ሰዓት ያዝን። ድምፁ በየሃምሳ ሁለት ሰከንዱ ይመጣል። ወንድሜ ጋሼ ባንተይርጋ ከላይ አስፋልቱ ላይ ሲነዳም አንድ ዙር የሚፈጅበት ይኸው ነበር። ዙር መዝጋቢው ደንቡን ገልጦ አነበበ፤ ሞተሩ እየሠራ ከመስመሩ ያልወጣ ተወዳዳሪ ዙሩ ይቆጠርለታል ይላል። “ሃያ አራት” ብሎ ጻፈ። ማንም አልተከራከረውም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው የትም አልደርስም። ያንን ቦታ በዋዜማው የደፈንኩት እኔ ነኝ። በእኛ ሥራ የፈላ አስፋልት ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ መዳፍ ይጫንበታል። አስር እስኪቆጠር መዳፍ ከቻለው በርዷል፤ መንገዱ ይከፈታል። ካልቻለው ይጠበቃል፣ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ይህንን ያስተማረኝ ጋሼ ባንተይርጋ ነው። ታክሲ ከመያዙ በፊት አሥራ አንድ ዓመት አስፋልት ደፍኗል። ሲቆጥር ሰው ያስመርራል፤ በአንድና በሁለት መካከል ምሳ ተበልቶ ያልቃል እያልን እንስቅበት ነበር። የላዳው የኋላ መስታወት ላይ እንኳ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚል አስለጥፎ ነው የሚወዳደረው።

በዋዜማው ወደ ከተማ የሚመልሰን መኪና ጥሩንባ እየነፋ ነበር። መዳፌን ጫንኩና ቆጠርኩ። አስር ደረስኩ፤ ግን አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ነው የደረስኩት። ጋሼ መኪናው ላይ ሆኖ “ቆጥረሃል?” አለኝ። “ቆጥሬያለሁ” አልኩት። አመነኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ሞተሩ ሲመጣ በስሙ ጠራሁት። ሲያልፍ “ደምሰው” አለኝ። ቃል ለመወርወር የሚበቃው ጊዜ ይህችው ናት፤ በአንድ ዙር አንድ ቃል።

“ጋሼ፣ ደህና ነህ?”

ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ጠበቅን። “ደህና።”

“ምን ይታይሃል?”

ጠበቅን። “መንገድ።”

“እንዴት እናውጣህ?”

“አላውቅም።”

ገመድ አወረድን፤ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ወርዶ ተጠቀለለ። በዶማ ቆፈርን። ጠጠር፣ ከጠጠሩ በታች ቀይ አፈር፣ ከአፈሩ በታች የሰው እጅ ያልነካው አለት ነው። ሞተሩ ከአለቱም በታች አይደለም፤ እንደ ቀድሞው ከጠጠሩ ሥር ያልፋል። ቁፋሮውን መለስነው። ከዚያ ጋሼ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

“ሌላ።”

“ሰው።”

“እንዳይገባ።”

“ድፈነው።”

እትዬ አቻምየለሽ ገፍታኝ ጎንበስ አለች። “አንተ ሰውዬ! ልጆቹንስ ምን ልበላቸው?”

በሚቀጥለው ዙር ሞተሩ ብቻ አለፈ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ቀና አለች። “መልስ ካጣ ዝም ነው የሚለው” አለችኝ፣ እኔ እንደማላውቀው።

ኢንጂነሩ ሰዓታቸውን አዩ። “ራሱ ድፈኑት ካለ ይደፈናል። መቼም በዚሁ መስመር የሚዞር ሰው አንድ ቀን መጨረሻው መስመር ላይ ይወጣል።”

“ቤንዚኑ ካለቀስ?” አለች እትዬ። “የቀዳነው ሃያ ሊትር ነው።”

ኢንጂነሩ ደንቡን ተቀብለው ስለ ቤንዚን የሚል አንቀጽ ፈለጉ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ።

እኔ መድፈን አልፈለግሁም። ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ላዳዎች ሞተራቸውን እያስነሡ ነው፤ ሁሉም የሰው ወንድም ይዘዋል። መጥረጊያውን አነሣሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አድርጌ ደፍኜ አላውቅም። ሥሩን ጠረግሁ። በእሳት አደረቅሁት። ሬንጅ ቀባሁ። የፈላውን አስፋልት በሁለት ንብርብር አፈሰስኩ፤ እያንዳንዱን በብረት ጠቀጠቅሁ። የመጨረሻውን አካፋ ከመድፋቴ በፊት ከቀረችው ቀዳዳ ሦስት ቃል ወጣ፤ በሦስት ዙር።

“ቀስ።”

“ብለህ።”

“ቁጠር።”

ቀዳዳዋን ዘጋሁ። ውኃ አርከፈከፍኩበት። መዳፌን ጫንኩ። አራት ላይ አቃጠለኝ። ጠበቅሁ። ሰባት ላይ አቃጠለኝ። ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ “በቃ አይደል?” አሉ፤ “አልበቃም” አልኳቸው። ከዚህ በፊት ተቃውሜያቸው አላውቅም። በስድስተኛው ሙከራ አስር ደረስኩ፤ ጋሼ እንደሚቆጥረው ቆጥሬ።

በዚህ መሐል ጋሼ ባንተይርጋ ስልሳውን ዙር ጨረሰ። ዳኛው ባዶው አስፋልት ላይ የማብቂያውን ባንዲራ አውለበለቡ፣ ድምፁ ከመስመሩ በታች አለፈ፣ ተመልካቹ ተነሥቶ አጨበጨበ። አልቆመም፣ አልወጣም፤ ስልሳ አንደኛውን ጀመረ። ዋንጫውን ለእትዬ አቻምየለሽ ሰጧት። ቀሪዎቹ ላዳዎች ለሁለተኛነት እንዲወዳደሩ መንገዱ ተከፈተ። የደፈንኩት ቦታ አንድም ጠጠር አልለቀቀም።

እትዬ ዋንጫውን አቅፋ ኩርባው ዳር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነበር። የላዳዎቹ ውድድር ካበቃ በኋላ፣ መቶ አስረኛው ዙር ላይ ከታች ያለው ሞተር አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ልክ ከደፈንኩት ቦታ ሥር ቆመ። የመኪና በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማን። በሩን ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚዘጋው፤ መቆለፊያው ልል ነው። ሁለቴ ዘጋው።

“ወረደ” አለች።

ሰዉ ሄደ። ባንዲራው ተጠቀለለ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሜዳው አስፋልት ሁሉ ቀዘቀዘ፤ እኔ የደፈንኩት ግን በርዶ የነበረው እንደገና ሞቀ። አጠገቡ ተንበረከክን። መሐሉ ላይ አስፋልቱ ቀስ ብሎ እንደ ሊጥ ተነሣ፤ መጀመሪያ አውራ ጣት፣ ቀጥሎ አራቱ ጣቶች፣ ቀጥሎ ሙሉ መዳፍ። ከሥር የጋሼ ድምፅ መጣ።

“አንድ” አለ።

እትዬ እጄን ያዘች። ከአንድ እስከ ሁለት ያለው ጊዜ ድሮ ከምንስቅበትም ይረዝማል። ሦስት አለ። አራት አለ። ሰባት ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ እየተቃጠለ እንደሆነ አውቃለሁ።

“ጋሼ፣ ፍጠን!” ብዬ ጮኽኩ። “በናትህ ቶሎ ቶሎ ቁጠረው! ማን ያይሃል?”

“ስምንት” አለ፣ በራሱ ልክ። ቆየ። “ዘጠኝ።”

አስርን ሳይል መዳፉን ወደ ታች ሳበ። አስፋልቱ ተመልሶ ዝርግ ሆነ። ከታች እጁን እፍ እፍ ሲለው ሰማን። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቹ እንደገና አስፋልቱን ከሥር አነሡት፤ ከአንድ ጀመረ።