ሦስት ሐኪም፣ አንድ አባት

"አስታማሚ ውጪ ይጠብቅ!" አለች ነርሷ በሩን በክርኗ እየገፋች።

ልብስ ሰፊዋ ግን እግሯን ከደፉ ላይ አላነሳችም። ዕድሜውን ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረው አባቷ፣ የደም ግፊት ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ እንዳላያት ሆነ። ስኳር፣ ደም ግፊትና ልብ ተባብረው ሰፍረውበታል። ለሦስቱ ሦስት ሐኪም፣ ሦስት ክፍል። እሷ በየደጃፉ ቆማ ወረቀት ትቀበላለች። ምን እንደተባለ ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ "ደህና ነህ ብሎኛል።"

ደህና የሆነ ሰው ግን ግድግዳ እየተደገፈ አይሄድም። ከወር ወዲህ ያዞረዋል። "እርጅና ነው" ይላሉ ጎረቤቶች። እሷ አልተዋጠላትም። እርጅና ከሆነ ለምን ከቁርስ በኋላ ብቻ? ነገሩ እንቅልፍ ነስቷት ሲከነክናት ሰነበተ። ትናንት ፋታ ስታገኝ መድኃኒቶቹን በሙሉ የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችና አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። አንዱ ፓኮ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ነጭ፤ ስማቸውም ለየቅል ነው። ከትልቁ ስም በታች በደቃቁ የተጻፈው ግን ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ አገኘችው።

"ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ" አለች አሁን፣ ሁለቱን ፓኮዎች ከቦርሳዋ እያወጣች። "እነዚህ እህትማማች ናቸው ወይስ አንዷ ልብስ ቀይራ ነው?"

ሐኪሙ ተቀብሎ አየ። መልሶ አየ። ብዕሩን አስቀመጠ።

"አንድ መድኃኒት ናቸው። ሰማያዊውን እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ነጩን ማን አዘዘ?"

"የልብ ሐኪሙ። ጠዋት ከቁርስ ጋር ሁለቱንም ይውጣል፤ ከዚያ ያዞረዋል።"

"አባት፣ ማዞሩን ለምን ደበቁኝ?"

ሽማግሌው ጫማውን አየ። "ከነገርኩህ ትሰማለች። ከሰማች ደግሞ ሱቋን ዘግታ እኔን ስትጠብቅ ልትውል ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ አባቷ ዞረች። እስከዛሬ ዝምታው ኩራት ይመስላት ነበር።

"አንዱን ዛሬውኑ እናቆማለን፤ ለልብ ሐኪሙም እደውላለሁ" አለ ሐኪሙ። "ከእንግዲህ ልጅዎ አብራ ብትገባ ይፈቅዳሉ?"

አባቷ ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለ።

"ሱሪ አውልቅ ስባል ትወጣለች?"

"ትወጣለች።"

ካፖርቱን ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

"ነይ፣ ተቀመጪ" አላት። "ያልነገርኳችሁ ሌላም ነገር አለ።"