የተጓዡ ጀርባ

የወንድሟ የመጨረሻ ፊልም ፖስተር እንደሚያስፈልገው ስትሰማ፣ ሰዓሊዋ «ማንም እንዳይነካው፣ እኔ እሥለዋለሁ» ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። እንደ አፍ ቢሆን ኖሮ ማን ይቸገር ነበር! ወንድሟ ካሜራማን ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ከአንድ ወንዝ ምንጭ እስከ መድረሻው በእግራቸው ሲጓዙ፣ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ቀረጻቸው፤ ከጉዞው መልስ ብዙም ሳይቆይ መንገድ ላይ የያዘው ወባ ቀጠፈው። ሽማግሌውን ሁሉም ሰው «ጋሽ ካርታ» ይላቸዋል፣ ካርታ ይዘው ይዞራሉ እንጂ አንድም ቀን ገልጠው ስለማያዩት ነው።

ፖስተሩን የምትሥለው በወንድሟ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቷ ልጇ ከሞተ ወዲህ የዚያን ክፍል ደፍ አልፋ አታውቅም።

«እማዬ፣ ለፊልሙ ምርቃት ትመጫለሽ አይደል?»

«መጥቼ ምን ላይ? ወንዙ አለ፣ ተራራው አለ፣ ሽማግሌው አሉ። ልጄስ የታለ? እሱን እዚያ ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

እውነቷን ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉን አሳይቶ ራሱ ይቀራል። እሱ ደግሞ ጠንቃቃ ስለነበር ጥላውን እንኳ በምስሉ ላይ አልጣለም። ሰዓሊዋን ያንገበገባት ይኸው ነው። እናቷ ያን ፊልም አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ እንድታይለት፣ ልጇ የለፋበትን እንድታውቅለት ትፈልጋለች፤ ሌላ ምንም አትፈልግም።

የፊልሙ ዳይሬክተር ያዘዛት ግልጽ ነበር፤ ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ሸለቆውን ሲያዩ፣ ከታች ወንዙ። የጉዞ ፊልም ፖስተር መቼም አንድ ጀርባና ብዙ ሰማይ ነው። ሸለቆውን በውሃ ቀለም ሠራች፣ ድንጋዩን በቀጭን ብዕር አወጣች፣ ከላይ ለርዕሱ ቦታ ተወች፤ ሰውየውን መጨረሻ ላይ ሣለች። ዳይሬክተሩ መጥቶ ወረቀቱን አየና ጭንቅላቱን አከከ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ቆንጆ ነው። ግን... ጋሽ ካርታ አይደሉም እኮ።»

ራቅ ብላ አየችው። ኮፍያው የሽማግሌው ነው፣ ምርኩዙም የሳቸው ነው። ወደ ግራ ዘመም ያለው ትከሻ ግን ዕድሜውን ሙሉ ካሜራ የተሸከመ ሰው ትከሻ ነው። አንገቱም፣ አቋቋሙም የወንድሟ ነው። እጇ ሳታዝዘው እሱን ሥሏል። ሌላ ወረቀት አንሥታ ሞከረች፤ አሁንም እሱ ሆነ። ይሄኔ እርሳሱን ወርውራ አለቀሰች።

ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ደግ አይደለም። ሥራው ነገ ካልገባ ወረፋው ያልፋል። ስለዚህ ቆመው እንዲሣሉ ብሎ ራሳቸውን ጋሽ ካርታን ይዟቸው መጣ።

ሽማግሌው ከቀብሩ ወዲህ ወደዚያ ቤት ብቅ ብለው አያውቁም፣ እናትየውን በምን ዓይናቸው ይዩአት! ሲገቡም አንገታቸውን ደፍተው ነው። እናትየው ወንበር አቀረበችላቸውና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

«እዚያ ጋ ይቁሙልኝ ጋሼ፣ ፊትዎን ወደ መስኮቱ» አለቻቸው ሰዓሊዋ።

ቆሙ። ገና ሁለት መስመር ሳታሰምር ወደ ኋላ ዞሩ።

«አይዙሩ እንጂ!»

«ይቅርታ ልጄ።» ተመለሱ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ዞሩ።

«ኧረ ጋሼ! ሕፃን ልጅ እንኳ ሲሣል እንዲህ አያስቸግርም።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የሱ ካሜራ ከባድ ነው፣ እኔ ደግሞ እግረ ፈጣን ነኝ። መንገድ ላይ በየጥቂቱ ዞሬ ‹መጣህ?› እለው ነበር። ‹አይዙሩ ጋሼ፣ ቀረጻው ይበላሻል› ይለኛል። እሱን ሳላይ መሄድ ግን አልሆንልህ አለኝ። ዛሬም መንገድ ስሄድ እዞራለሁ።»

ሰዓሊዋ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «እነዚያ ቀረጻዎች የታሉ?»

«ቆርጠን አወጣናቸው» አለ እሱ። «ተጓዡ ካሜራውን ካየ ስህተት ነው።»

አዲስ ወረቀት ወጠረች። «እንግዲያው ይዙሩ ጋሼ። ያኔ እንዳዩት አድርገው ይዩኝ።»

ሽማግሌው ዞሩ። እሷም ሣለቻቸው፤ አንድ እግራቸው ወደ ሸለቆው፣ ፊታቸው ወደ ኋላ፣ ከንፈራቸው ሊጣራ ከፈት ብሎ። በዚህኛው ላይ እጇ አልተሳሳተም።

«ወደ ኋላ የሚያይ ተጓዥ የት ተደርጎ ያውቃል?» አለ ዳይሬክተሩ፤ «ሰው እኮ ሸለቆውን ነው ማየት የሚፈልገው...»

«ማንን ነው የሚያዩት?»

እናትየው ናት። በሩ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ተተክሏል። መልስ ሳትጠብቅ ደፉን አልፋ ገባችና ሥዕሉ ፊት ለፊት ቆመች። የሽማግሌው ዓይኖች ከወረቀቱ ላይ ቀጥ ብለው የሚያዩት እሷ የቆመችበትን ቦታ ነው።

«ልጅሽን ነው፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ካርታ።

እናትየው እጇን ዘርግታ የወረቀቱን ጠርዝ ነካች።

«ከባድ ነገር ይዟል» አለች፤ «ይጠብቁት።»

ዳይሬክተሩ «ይኸው ይታተማል» አለ። እናትየውም የልጇ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ምርቃቱ መቼ ነው ያልሽኝ?» ብላ ሰዓሊዋን ጠየቀቻት።