ካቦው ያጸዳው ኩሬ

የወንድሜ ሚስት ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሰኞ ጠዋት ደሟን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ ሳየው፣ በዚህ እርግዝና ለሦስተኛ ጊዜ ወባው ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ቆሽቴ አረረ። እሷ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እየተንቀጠቀጠች ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ የእኔ ፊት ደግሞ ነገር መደበቅ አያውቅበትም።

«አለ አይደል፣ እትዬ?» አለችኝ።

«አለ።»

«መድኃኒቱን አንድም ቀን አላጓደልኩም። አጎበሩንም በየማታው ከፍራሹ ሥር አድርጌ እጠቀጥቀዋለሁ። ይንገሩኝ እስቲ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

አምና የመጀመሪያ ልጇን በእርግዝናዋ በስምንተኛው ወር ያጣችው በዚሁ በሽታ ነው፤ ያኔም ደሟን ያየሁት እኔ ነኝ። ይሄኛውን ግን ለወባ አልሰጥም አልኩ። በሆዴ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ድምፅ አውጥቼ ኖሯል መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝና «እሺ» አለች።

የምንኖረው ጫካ መሃል ያለ የጣውላ መሰንጠቂያ ግቢ ውስጥ ነው። አርባ ሦስት ሠራተኛ፣ ሁለት ረድፍ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ክሊኒክ። ክሊኒክ የሚባለው እኔና ማይክሮስኮፔ ነን። ወንድሜ የሠራተኞቹ አለቃ ስለሆነ ሚስቱ ሳትቀር ሁሉም «ካቦ» ይለዋል። እኔ ንፍጡን እየጠረግኩ ያሳደግኩት ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ደስ ያለኝን እለዋለሁ።

ካቦ አምና ልጁን ከቀበረ በኋላ የትንኝ ዘር አጠፋለሁ ብሎ ተነሳ። ከቤቶቹ ጀርባ ግንድ የሚዘፈዘፍበት ኩሬ አለ። ግንዱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ስለሚተረተር፣ መጋዙ ጋ ተራው እስኪደርስ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ያኔ ኩሬው በትልልቅ ዛፎች የተከበበ፣ የጠቆረ፣ ቅጠል የበሰበሰበት ነበር። «ትንኝ የምትወደው ጨለማና ቆሻሻ ነው» አለና ዛፎቹን አንድ በአንድ ጣላቸው። ቅጠሉን ዛቀ፤ ከወንዙ ንጹሕ ውሃ እንዲገባበት አደረገ። ሲጨርስ ፀሐይ እስከ ታች ድረስ ገባችበት፣ ጠጠሩ ሁሉ የሚቆጠር ሆነ። ሠራተኛው አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን በግቢው ውስጥ ወባ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ሰኞ ከሰዓት ይህንን ሳብሰለስል ቆየሁና ወጥ ቤት ገብቼ ነጭ ጭልፋ አነሳሁ።

«ምን ልትጨልፊበት ነው?» አለች ወጥ ቤቷ።

«የትንኝ ልጆች።»

«ለምሳ ነው ለራት?»

«ለካቦ ነው።»

«እንግዲያው በርበሬ አብዢበት» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ዞረች።

መጀመሪያ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው የእጣቢ ቦይ ጨለፍኩ። እጮቹ ጭራቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ሰክተው ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ደፍተዋል። እነዚህ አድገው ሌሊት ጆሮ ላይ እየጮሁ እንቅልፍ ይነሳሉ እንጂ ወባ አያስተላልፉም። ከዚያ ወደ ኩሬው ሄድኩና ፀሐይ ካረፈበት ዳርቻ፣ ሣሩ ውሃውን ከሚነካበት ጨለፍኩ። እዚህ ያሉት ቁልቁል አልተደፉም። እንደ ሰጋቱራ ብናኝ ከውሃው ገጽ ጋር ጠፍጣፋ ተጋድመዋል። የወባ ትንኝ እጭ እንደ ሌሎቹ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው የሚኖረው እንዲህ ተጋድሞ ነው። ይህንን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ አልፌበታለሁም። ዓመት ሙሉ ግን ዓይኔን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክዬ፣ ሃምሳ እርምጃ ሄጄ ኩሬውን አላየሁም። ወንድሜን ከመናገሬ በፊት ራሴን አጥግቤ ሰደብኩ።

ካቦን ትልቁ መጋዝ አጠገብ አገኘሁት። ጭልፋውን አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የወባ ትንኝ እጭ ነው። ከኩሬህ ነው የቀዳሁት።»

«ከእኔ ኩሬ? አንቺ ሴትዮ፣ የዚያን ኩሬ ውሃ እኮ ሕፃን ልጅ ቢጠጣው...» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ችግሩ እሱ ነው» አልኩት። «ይህቺኛዋ ትንኝ እጣቢ አትወድም። እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ የሚያገኘው ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ዛፎቹ እያሉ ኩሬው ብዙም አይመቻትም ነበር።»

የጎሪጥ አየኝ። «ለሚስቴ ብዬ ነው እኮ የቆረጥኳቸው፣ እታለም።»

«አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ለሚስትህ ብለህ ኩሬውን አድርቀው።»

«ግንዱ በሙሉ ይተረተራል!»

«ይተርተር!»

ሽንጤን ገትሬ ቆምኩ። መጋዙን አጥፍቶ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። የሁለቱም ጩኸት ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር። ሲወጣ ላብ አጥምቆታል፤ «ስምንት ቀን ሰጠን» አለ። ሠራተኛው በሁለት ፈረቃ ተከፍሎ ኩሬው ውስጥ ያለውን ግንድ እያወጣ ይሰነጥቅ ጀመር። ካቦ በሁለቱም ፈረቃ ገባ። በስምንተኛው ቀን ከወንዙ የሚገባውን ውሃ ዘጋና ኩሬውን የሚገድበውን ሳንቃ ነቅሎ ውሃውን ለቀቀው። እኔም ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ጭቃው ውስጥ ገባሁና ውሃ ያቆረውን ጉድጓድ ሁሉ አብሬያቸው በሰጋቱራ ደፈንኩ።

ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ክንፍ ያወጡት አሁንም ግቢው ውስጥ አሉ። ትንኝ ደግሞ ወባን ከእናቷ ይዛ አትወለድም፤ የምታገኘው ከሰው ነው። ወባ ያለበትን ሰው ነክሳ ደሙን ትመጥጣለች፣ ተውሳኩ ሰውነቷ ውስጥ አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ስትነክስ ከምራቋ ጋር ታስገባበታለች። ስለዚህ ከመካከላችን ትንኟን የሚያበላት ሰው አለ ማለት ነው። ሁሉም መጥቶ ደሙን እንዲያስመረምር አስነገርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው መጣ፣ በማግስቱ ማንም። ብጠይቅ ለካ ካቦ «እኔ ጫካ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ወባ አያውቀኝም» ብሎ ሥራውን ቀጥሏል። እሱ ካልሄደ ማን ይሂድ? ከካቦ ያነሰ ወንድ መባልን ሁሉም ፈራ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት ሚስቱ በእጅጌው እየጎተተች ይዛው መጣች። ትኩሳቱ ለቋታል፤ ፊቷ ግን ገና አመድ እንደመሰለ ነው።

«ጣትህን ስጣቸው» አለችው።

«ምንም አላመመኝም እኮ!»

«ስጣቸው አልኩህ።»

ሰጠኝ። ደሙ ደርቆ ቀለም እስኪይዝ ሁለቱም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ አየሁት። ማጭድ የሚመስሉ፣ ጎበጥ ያሉ ተውሳኮች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። እነዚህ የተሸከማቸውን ሰው አያሳምሙትም። ትንኝ መጥታ እስክትወስዳቸው ድረስ ደም ውስጥ ይቀመጣሉ።

ምንም የለብህም ብዬው፣ መድኃኒቱን ቫይታሚን ነው ብዬ ላስውጠው እችል ነበር። ግን ያኔ ሌላው አይመጣም። ጥርሴን ነከስኩና ቀና አልኩ።

«አለብህ።»

«ትኩሳት እንኳ የለኝም!»

«ሰውነትህ ለምዶታል። አንተን አያምህም እንጂ ከአንተ ይተላለፋል። አመሻሽ ላይ ደጃፉ ላይ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። አጎበር ውስጥ እስክትገቡ ትንኟ አትጠብቃችሁም። ዛሬ አንተን ትነክሳለች፣ ቆይታ እሷን።»

የተወጋች ጣቱን አየት አደረገ። ደሙ ቆሟል። ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«የመጀመሪያውንም እኔ ነኝ?»

ታናሼ ነው፤ አንድ ውሸት ብወረውርለት ምን ነበረበት? እሱም ዕድሜውን ሙሉ የሚያጽናናው ነገር ያገኛል። ግን ያንን ውሸት ማውጣት አቃተኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ሊሆን ይችላል።»

ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ ልጁ ሲቀበር እንኳ አላየሁም ነበር። ሚስቱን ለማየት ፈራሁ። ከአሁን በኋላ ትጠላዋለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ወገቧን ይዛ ከአግዳሚው ተነሳችና አጠገቡ ቆመች።

«እትዬ፣ መድኃኒቱን ይስጡት» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ለቅሶው በኋላ ይደርሳል። ሆዴ ውስጥ ያለው ገና አልሞተም። ዋጥና ውጣ፣ ሰዎቹን ጥራልኝ።»

ዋጠ። ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ በሩ ላይ ወጣ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ ጣውላ ክምሩ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል።

«ስሙኝ!» አለ። «ወባ እኔ ላይ ተገኝቷል። ሳያመኝ ተሸክሜው ስዞር ነበር። ሚስቴን የሚጥላት ከእኔ ደም እየወጣ ነው። ልጄንም... ልጄንም ምናልባት እኔ ነኝ የበላሁት። ወንድ ነኝ የሚል ካለ ይምጣና ጣቱን ይስጥ።»

ጨዋታው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መጋዝ ነጂው ተነሳ፣ ቀጥሎ ሁለት ጫኞች፣ ቀጥሎ ወጥ ቤቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ካቦ እስኪመሽ ከበሩ ላይ አልተነቃነቀም። የቀሩትንም ሁሉ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ አስገባቸው፤ ድምፁ ሲሰበር ያቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቀጣዩን ይጠራል።